አባቴ የሚፈርምበት ደብተር

ይህን እንድጽፍ ማንም አላዘዘኝም። ባለፈው ወር አሁን ለምወስደው የጽሑፍ ኮርስ መምህር አንዲት ገጽ ልኬላቸው፣ ከግርጌው «ይህ ታሪክ አንድ ገጽ አይበቃውም» የሚል ጽፈው መለሱልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ እየከፈትኩ አነበብኩት። ከዚያ እሳቸው ካሉ ማመን ነው ብዬ ላረዝመው ተቀመጥኩ።

ታሪኩ የአንድ ደብተር ነው። ሽፋኑ ጥቁር፣ ጠርዙ ቀይ፣ መሥሪያ ቤቶች መዝገብ የሚያደርጉት ዓይነት ወፍራም ደብተር። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ ያለቀ፣ የቀረ፣ የሚያሰጋ። በየመስመሩ ዳር የአባቴ ፊርማ አለ። ጅራቷ ረዘም ብሎ ወደ ላይ የሚታጠፍ ፊርማ ናት፤ እናቴ «የጋሪ ፈረስ ዝንብ ሲያባርር» ትላታለች። አባቴ የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ኮምፒውተር ከፍቶም አያውቅም። ስታቲስቲክስን ያሻገረኝ ግን እሱ ነው፣ ይህንንም የምጽፈው እየኮራሁ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ነጥብ ሲጎድለው፣ ቤታችን ለጥቂት ቀን ለቅሶ ቤት መሰለ። ከዚያ እናቴ ከምትሠራበት የሆስፒታል ካርድ ክፍል አንድ ወሬ ይዛ መጣች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ ማኔጅመንት በኦንላይን ያስተምራል፤ ከአሰላ ሳይወጡ፣ ከቤት ሳይወጡ እንኳ መማር ይቻላል። የአጎቴ ልጅ የማይጠቀምበትን ላፕቶፕ ሰጠኝ። ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቦታ ተለቀቀለት፣ እናቴም የዳንቴል ልብስ አለበሰችው። እኔም የኮሌጅ ተማሪ ተባልኩ።

ተማሪ ቤት ሳለሁ የምታወቀው በደብተሬ ነበር። ርዕስ በቀይ፣ ማስታወሻ በሰማያዊ፣ ከርዕሱ ሥር ሁለት መስመር። መምህራን ደብተር ሲያርሙ የእኔን ከፍ አድርገው ለክፍሉ ያሳዩት ነበር። ስለዚህ ኦንላይን ስገባም የማውቀውን አደረግሁ። ቪዲዮው ላይ መምህሩ የተናገሩትን እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ ቃል በቃል ቀዳሁት። ሥዕሎቹን ሳይቀር። በአንድ ሴሚስተር አራት ደብተር ሞላሁ። ደብተር የሚሰበስብ ሰው እንደሌለ የገባኝ አራተኛው ሲያልቅ ነው።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። ከእያንዳንዱ ትምህርት ሥር «ጨርሻለሁ» የምትል ቁልፍ አለች። እኛ እንዴት እንዳደግን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መምህሩ ሰሌዳውን ሞልተው ዞር ብለው «ገባችሁ?» ሲሉ ስልሳችንም በአንድ ድምፅ «ገባን» እንላለን። ያልገባውም ይላል፤ እንዲያውም ድምፁ የሚበልጠው ያልገባው ነው። «አልገባኝም» ማለት መምህሩን ማስቆጣት፣ ክፍሉንም ከእረፍት ማስቀረት ነው። እኔ ያቺን ቁልፍ ባየሁ ቁጥር በአፌ የለመድኩትን በጣቴ እል ነበር። ገባን። ስነካት አረንጓዴ ራይት ትሆናለች። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ገጼ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ፣ ክረምት ላይ የጭላሎ ተራራን ግርጌ ይመስል ነበር። ለእናቴ ሳሳያት «ጎሽ» አለችኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤት መጣ። ሌሎቹን ተንፏቅቄ አልፌአለሁ። ስታቲስቲክስ ኤፍ። ከሥሩ አጭር ማስታወሻ ነበረው፦ ኮርሱን አንድ ጊዜ መድገም እችላለሁ፤ ዳግመኛ ከወደቅሁ ግን ከፕሮግራሙ እሰረዛለሁ።

እናቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንግዲህ አንዴ ደግመሽ እይው፣ እንቢ ካለሽ ጎበሳ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ አለችኝ፤ አክስቴ ሱቋን ብቻዋን አልቻለችም። ጎበሳ ጥሩ ከተማ ናት፣ አክስቴም ትወደኛለች። ግን በዚያው ሳምንት ደውላ ከባንኮኒው ጀርባ የእኔ የምትሆን ዱካ እንዳዘጋጀችና ትራስ እንደሰፋችላት በደስታ ነገረችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላፕቶፑን በከፈትኩ ቁጥር ያቺ ባለ ትራስ ዱካ ትታየኝ ነበር።

ለአባቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። አባቴ ብቅል ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እዚያው ነው። ልብሱ የብቅል ሽታ አለው፣ ትንሽ እንደ ቆሎ፣ ትንሽ እንደ እርጥብ ድርቆሽ፤ እኔ ለረጅም ጊዜ የአባት ሽታ ማለት እሱ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ከጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት። ለምን ወደቅሽ አላለኝም። እግሩን ታጠበ፣ ሻይ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ማን ተረከበሽ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ትምህርቱን ነዋ። አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው ስታልፊ ለማን አስረከብሽ?»

ለማንም አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ስለ ሥራው አወራልኝ፤ እስከዚያ ቀን እንዲህ ዘርዝሮ አውርቶልኝ አያውቅም። ገብሱ ይነከራል፣ ይዘረጋል፣ ይበቅላል፣ ከዚያ በሙቀት ይደርቃል። ይህ ቀናት ይፈጃል፤ የሰው ፈረቃ ግን ስምንት ሰዓት ነው። ገብሱ ደግሞ ሰው ተለወጠ ብሎ መብቀሉን አያቆምም። ስለዚህ የሚወጣው ለሚገባው በመዝገብ ያስረክባል፤ ምን አለቀ፣ ምን ቀረ፣ ምን ያሰጋል። አባቴ አዲስ ሳለ መዝገቡን አንብቦ «ደህና ነው» ብሎ ሊፈርም ሲል፣ አንድ አዛውንት የፈረቃ ኃላፊ እስክሪብቶውን ከእጁ ወስደው መጀመሪያ እጅህን አስገባ አሉት። የተዘረጋው ገብስ ውስጥ እስከ ክርኑ አስገባ። ላዩ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሥሩ ግን ይሞቃል። መገልበጥ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ እጁን ሳያስገባ ፈርሞ አያውቅም።

«አንቺ እጅሽን ሳታስገቢ ነው የፈረምሽው፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ። ልቡ ሲነካ ልጄ የሚለኝ በኦሮምኛ ነው።

በማግሥቱ ጥቁሩን ደብተር ገዝቶ መጣ። ሕጉ ቀላል ነበር። በየቀኑ የተማርኩትን ለእሱ አስረክባለሁ። እሱ ካልገባው አይፈርምም። እሱ ካልፈረመ እኔ «ጨርሻለሁ»ን አልነካም። ሰዓቱ በፈረቃው ይወሰናል፤ ጠዋት ሲሠራ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከሰዓት ሲገባ ምሳ ሳይበላ፣ ሌሊት ሲሠራ ደግሞ ተኝቶ ሲነሳ። እናቴ ሰምታ «የመንግሥት ንብረት ነው እንዴ የምትረካከቡት?» አለች።

የመጀመሪያው ርክክብ አንድ ደቂቃ ፈጀ። አማካይና መካከለኛን ተማርኩ፣ ገባኝ አልኩት።

«ምኑ ነው የገባሽ?»

ትርጉሙን ከደብተሬ አነበብኩለት። እሱ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካው። በምሳሌ ንገሪኝ አለኝ። አሰብኩ አሰብኩና የሰፈራችንን አምስት ቤቶች ልጆች ቆጠርኩ፦ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ የጥጉ ቤት አሥራ አንድ። አማካዩ አራት ነጥብ ሁለት ልጅ አልኩት።

«አራት ነጥብ ሁለት ልጅ ያለው ቤት የትኛው ነው?»

የለም አልኩት።

«ነጥብ ሁለቱስ ልጅ ማን ጋ ነው የሚያድረው?»

እናቴ ከጓዳ ሳቋ መጣ። እኔም እየሳቅሁ፣ ለካ አንድ ቤት ብቻውን አማካዩን ጎትቶ ሊወስደው ይችላል፣ መካከለኛው ሦስት ግን ከቦታው አይነቃነቅም ብዬ በራሴ አፍ አስረዳሁት። ያንን ነገር ባለፈው ሴሚስተር በሁለት ቀለም ጽፌው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። አባቴ ፈረመ። የጋሪ ፈረሱ ጅራት ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተሬ ላይ ተወዛወዘ።

ከዚያ በኋላ አጠናኔ ሳላስበው ተለወጠ። ለአባቴ ማንበብ እንደማይሠራ ስላወቅሁ መቅዳት ተውኩ። ቪዲዮውን አንድ ጊዜ እስክሪብቶ ሳልይዝ አያለሁ፣ ላፕቶፑን እዘጋለሁ፣ ከዚያ ያስታወስኩትን በአማርኛ አምስት መስመር እጽፋለሁ። አምስት መስመር ካልሞላ መልሼ አያለሁ። ያልገባኝ «የሚያሰጋ» ሥር ይገባል፤ ድሮ የምደብቀው ነገር አሁን የራሱ ቦታ አለው። ጠዋት ጠዋት፣ ገና ሰው ኔትወርኩን ሳይሻማብኝ፣ ጋቢ ተከናንቤ እቀመጣለሁ፤ የአሰላ ብርድ እንቅልፍ አያስወስድም። ስልኬን ለእናቴ አስረክባታለሁ። እሷ ደግሞ የምትደብቅበት ቦታ ጠፍቶ በርበሬ ጣሳ ውስጥ ትከተዋለች። እስከ ዛሬ ስደውል ያስነጥሰኛል።

ሦስት ሳምንት ያህል ሲሄድ አባቴ አንድ ነገር አስተዋለ። «የሚያሰጋ» ሥር ሁልጊዜ ተመሳሳይ ቃል አለ፦ የውይይት ገጽ። ይሄ በየቀኑ የሚያሰጋሽ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ተማሪዎች ጥያቄ የሚጽፉበት፣ የሚመላለሱበት ቦታ እንደሆነ፣ ነጥብም እንዳለው፣ እኔ ግን አንድም ቀን ጽፌበት እንደማላውቅ ነገርኩት።

«ለምን?»

«ሳይጠሩኝ እንዴት እናገራለሁ?»

«በጨዋነትሽ ነዋ ኤፍ ያገኘሽው» አለኝ።

ያን ቀን ጥያቄዬን መጀመሪያ በወረቀት ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ ደግሜ ጻፍኩት። ስታንዳርድ ዲቪየሽንን ማስላት እችላለሁ፣ ለምን እንደሚሰላ ግን አላውቅም የሚል ነበር። ላክሁትና ሰው እንዳያየኝ ይመስል ላፕቶፑን ዘግቼ ግቢ መጥረግ ጀመርኩ። በማግሥቱ ስከፍት አምስት ሰው «እኔም» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። መምህሩም ረጅም መልስ ሰጥተው ነበር፤ ሁለት ቡድን አንድ ዓይነት አማካይ ሊኖራቸው ይችላል፣ በአንዱ ውስጥ ሁሉም ተቀራራቢ ሲሆኑ በሌላው ውስጥ ግን ይበታተናሉ፣ የምንለካው መበታተኑን ነው የሚል።

ይህን ለአባቴ ሳስረክበው ተነስቶ ቆመ። ገብስ ሲዘረጋ አንዳንዱ ዛሬ አንዳንዱ ነገ ከበቀለ ብቅሉ አይረባም፤ ሁሉም አብሮ መብቀል አለበት፣ እኛ ዕድሜያችንን የምንታገለው ከዚህ ጋር ነው አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ስም እንዳለው አላውቅም ነበር» አለ። ስሙን አስደገመኝና በፊርማው ጎን በአማርኛ ፊደል ጻፈው። ያ መስመር አሁንም አለ።

እንዲህ እያልን የመጨረሻው ሥራ ደረሰ። እያንዳንዱ ተማሪ ከአካባቢው አንድ ጥያቄ መርጦ፣ ናሙና ወስዶ፣ መረጃ ሰብስቦ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ከመቶ አርባው የሚያዘው እሱ ነው፤ እሱን ያጣ ኮርሱን አያልፍም። እኔ የመረጥኩት ጥያቄ፣ በድሮ ትምህርት ቤቴ ያሉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ከክፍል ውጭ በቀን ስንት ሰዓት ያጠናሉ የሚል ነበር። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሁለት ቀን ሄጄ አርባ ወረቀት በተንኩ። አርባውም ተሞልቶ ተመለሰ። ግራፉን በሦስት ቀለም ሠራሁት፤ አሮጌው አመሌ አልለቀቀኝም ነበር። ማስረከቢያው ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ለአባቴ እየተኩራራሁ አቀረብኩለት።

ስንት ሰው እንደጠየቅሁ ጠየቀኝ። አርባ አልኩት። የት አገኘሻቸው አለኝ። ቤተ መጻሕፍት።

የእስክሪብቶውን ክዳን መልሶ ገጠመው። «ከጆንያው አፍ ነው የዘገንሽው።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። እሱ ግን ቀጠለ፤ ገብስ ሲመጣ ናሙና የሚወስዱት ባለ ቀዳዳ ረጅም ብረት ጆንያው ውስጥ እስከ ሥሩ ወግተው ነው፣ ከላይ ዘግኖ መመለስ ማንም ይችላል። ቤተ መጻሕፍት ያገኘሻቸው እኮ ሊያጠኑ የመጡ ናቸው አለኝ። የማያጠኑት የት አሉ?

«አባዬ፣ አራት ቀን ነው የቀረኝ። ዛሬን ብቻ ፈርምልኝ።»

«ለአራት ቀን ብዬ አልፈርምም።»

«አንተ ስታቲስቲክስ መቼ ተማርክ?»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ተመለስ ብለው የት ይመለሳል። አባቴ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አስቀመጠ። ጃኬቱን ለብሶ አጥር ሊጠግን ወጣ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደግ አደረግሽ» አለች፤ «ዱካዋ ላይ ስትቀመጪ አክስትሽን ታስተምሪያታለሽ።»

ተናድጄ ጓዳ ገባሁ። የገባሁት፣ እውነቱን ልናገር፣ አባቴ መሳሳቱን ላሳየው ነው። ጥጉ ላይ አጎቴ ከጮሌ ወረዳ የላከልን የበሶ ገብስ በጆንያ ቆሟል። ከአፉ ዘገንኩና ሰፌድ ላይ መቶ ፍሬ ቆጠርኩ። ሦስት ስባሪ። ከዚያ ክንዴን እስከ ብብቴ ሰድጄ ከሥሩ ጨብጬ አወጣሁ። መቶ ቆጠርኩ። አሥራ አራት ስባሪ። አላምን ብዬ ደግሜ ቆጠርኩት። አጎቴን እንዳትጠረጥሩት፤ ጆንያው መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ስባሪው ወደ ታች እንደሚወርድ አባቴ በኋላ ነግሮኛል። ብቻ እዚያ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ፣ እጄ አቧራ ለብሶ፣ አርባው ወረቀቴ ምን እንደሆነ ታየኝ። ሦስት ስባሪ ብቻ የታየበት የጆንያ አፍ።

አጥሩ ጋ ሄጄ ከኋላው ቆምኩ።

«አሥራ አራት» አልኩት።

«ከሥር?»

«ከሥር። አባዬ፣ ይቅርታ።»

ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «በይ እንግዲህ፣ ከሥር ያሉትን ልጆች ፈልጊያቸው።»

አርባውን ወረቀት ቡፌው ውስጥ ቆለፍኩባቸው። በማግሥቱ ጠዋት ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ፣ ቁጡ የሚባሉ ሴት ናቸው። ያስታወሱኝ በደብተሬ ነው፤ «ባለ ሁለት መስመሯ» አሉኝ። የአሥራ ሁለተኛን ስም ዝርዝር ማየት እንደምፈልግ፣ የማንንም ስም በሪፖርቱ እንደማልጽፍ አስረዳኋቸው። መዝገቡን ራሳቸው ይዘው እየቆጠሩልኝ እያንዳንዱን ሰባተኛ ስም ጻፍኩ። ሁለት መቶ ሰማንያ ልጅ፣ አርባ ስም።

ሃያ ስድስቱን የዚያኑ ቀን ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። አሥራ አራቱ አልነበሩም። ከሥር ያሉት እነሱ ነበሩ። ሁለት ቀን ተኩል ከተማውን በእግሬ ፈጨሁት። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ ቆሞ ሊሞላልኝ ስላልቻለ ጎኑ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ወደ መናኸሪያ ስንመላለስ ሰው ባወረደ ቁጥር ጥያቄ ጠየቅሁት። አንዷ ከእናቷ ጋር ድንች ትሸጣለች። የአንዱን ቤት ያገኘሁት በአባቴ የፈረቃ ጓደኛ በኩል ነው። ለአንዳንዶቹ ኦሮምኛዬን አውጥቼ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የታችኛው ገበያ ላይ በአማርኛ ብቻ ብሄድ ኖሮ ግማሹ «ኤዬ፣ ኤዬ»፣ አዎ አዎ ብሎ ብቻ ይሸኘኝ ነበር።

አንዷን አልረሳትም። ከሁለት ወር በፊት ትምህርት አቋርጣለች፣ ስሟ ግን ከመዝገቡ አልወጣም። በራቸው ላይ ልብስ እያጠበች አገኘኋት።

«እኔ እኮ አሁን አልማርም። ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ።

«ቆጠራው አንቺ ላይ ወድቋል። ሌላ ሰው መተካት አልችልም።»

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። «ሲመሻሽ የታናሽ እህቴን መጽሐፍ አነባለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እሱ ይቆጠራል?»

ይቆጠራል አልኳት። ግማሽ ሰዓት ብላ ጻፈች፣ ቀና ብላም ፈገግ አለች። ሰውን ከመዝገብ ላይ ቆጥረው፣ ፈልገው፣ በር ድረስ መጥተው ሲጠይቁት ምን እንደሚሰማው ያኔ ገባኝ። ስታቲስቲክስ ደረቅ ትምህርት ነው የሚሉ ሰዎች እሷን ቢያዩአት እላለሁ።

ሁለቱን ማግኘት አልቻልኩም። አንዱ ከተማ ቀይሯል፣ የሌላውን የሚያውቅ ጠፋ። በሌላ ሰው ልተካቸው ፈልጌ ነበር። ግን «የቀረ» ሥር ሁለት ብዬ ጻፍኩ፣ ሪፖርቱም ላይ ሁለት እንዳልተገኙ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ አባቴ ከፈረቃ መጣ። ሻዩን እንኳ ሳይጠጣ ተቀመጠ። ከየት ጀመርሽ፣ ለምን ሰባተኛ፣ ያልተገኙትን ምን አደረግሽ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ስንት ነበር፣ የአሁኑ ስንት ነው። የአሁኑ አማካይ ከቤተ መጻሕፍቱ ግማሽ አይሞላም ነበር። ያንን ስነግረው ሁለቱን ቁጥሮች ተራ በተራ በጣቱ ነካ። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ። እኔ የጋሪ ፈረሱ ጅራት ወደ ላይ ሲታጠፍ አየሁ። ፊርማው ሳይደርቅ ሪፖርቱን ላክሁ፣ «ጨርሻለሁ»ንም ነካሁ። አረንጓዴ ራይት ሆነች። ያቺን አንዷን አረንጓዴ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ጋር አልለውጣትም።

ከሳምንት በኋላ በቪዲዮ ቀርቤ ማስረዳት ነበረብኝ። መምህሩና ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች እያዩኝ ነው። እናቴ ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ነጭ ነጠላ ሸፍናበታለች። አባቴ ወደ ሥራ ሊሄድ ልብሱን ለብሶ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ካሜራው የማያየው በር ጥግ ቆሟል። ጨርሼ ዝም ስል መምህሩ «ናሙናሽን እንዴት መረጥሽ?» አሉኝ።

ድሮ ቢሆን መጽሐፉ ያለውን እደግም ነበር። «መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር» አልኩ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ሦስቱና ስለ አሥራ አራቱ ስባሪ፣ ስለ ሰባተኛው ስም ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝምታ ሆነ። ኔትወርኩ የሄደ መሰለኝ።

«ይሰማል፣ መምህር?»

«ይሰማል። እየጻፍኩት ነው። የጆንያውን ነገር ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ተረካቢዬ።»

«ተረካቢሽ ማን ነው?»

በሩን አየሁ። አባቴ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። «አባቴ ናቸው» አልኩ፤ ፊት ለፊት አንተ የምለውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብዬ ጠራሁት። «የብቅል ሠራተኛ ናቸው።»

አባቴ ሳል መጣበት። ፈረቃው እንዳያልፈው እየሮጠ ወጣ፤ ለጓደኞቹ ግን መንገድ ላይም ሳይናገር አልቀረም፣ ምክንያቱም በማግሥቱ ፕሮፌሰር እያሉ ጠርተውት ተናዶ ነው የመጣው። ተናደድኩ ይበል እንጂ ሁለት ጊዜ ነው የነገረን።

ውጤቱ ሲመጣ ቢ ፕላስ ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ እናቴ እልል አለች፣ ለአክስቴም ራሷ ደወለችላት። አባቴ ስክሪኑን በቅርብ አየው።

«ከዚህ በላይ አለ?» አለኝ።

«ሦስት አለ።»

«እሱን «የቀረ» ውስጥ ጻፊው።»

ጻፍኩት። ፈረመበት።

እረፍት ላይ ጎበሳ ሄድኩ፣ ግን በእንግድነት፣ ለአንድ ሳምንት። አክስቴ ዱካዋን ትራሷን አራግፋ አቀረበችልኝ። ተቀመጥኩባት። ትመቻለች፣ አልዋሽም። ላፕቶፔን ባንኮኒው ላይ ከሳሙናና ከክብሪት መሃል ከፍቼ የሚቀጥለውን ኮርስ ጀመርኩ፤ ደንበኛ ሲመጣ እየሸጥኩ፣ ሲሄድ እያነበብኩ። አክስቴ ለገባው ሁሉ «ኮሌጅ ናት» ትላለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ለአባቴ ደወልኩና የቀኑን አስረከብኩት። ጥሩ አድርጎ ሰማኝ፣ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መለስኩ።

«ታዲያ ፈረምክ?» አልኩት።

«በስልክ እጅ አይገባም። ስትመጪ። ቻው» ብሎ ዘጋው።

ሳምንቱ ሁሉ እንዲሁ ስለሆነ፣ ሰባት ያልተፈረመባቸው መስመሮች ይዤ ተመለስኩ። በር ላይ ሻንጣዬን ተቀበለኝ፣ ግን ደብተሩን ቀድሞ ከብብቴ አወጣው። ተቀመጠ፣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ፣ ገጹን ገለጠ።

«ከሰኞው እንጀምር» አለኝ።